ያለ ስኳር፣ ያለ እሳት

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፣ መንደራችን ሮቢት ከነውሻው ጥላ ፈልጎ ተኝቷል፣ ድልድዩን የሚጠብቁት ወታደሮች እንኳ ይህን ጊዜ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ያንቀላፋሉ፤ እኔ ብቻ ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን አድሬ፣ ማለዳውን በሞትና በሕይወት መካከል ቆሜ አርፍጄ፣ አሁን የጠፍር አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ የጣሪያዬን ሣር አያለሁ። ደስታም እንደ ሐዘን እንቅልፍ ይነሳል ለካ። ይህን እናቴ አልነገረችኝም። ሌላውን ሁሉ ነግራኛለች፤ ጀልባው ላይ ስወጣ ወደ ኋላ እንዳላይ፣ ሰው አገር ስገባ ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ፣ ያበሉኝን ሰዎች እንዳልረሳ። ለአንድ ክረምት ብቻ ሄጄ እመለሳለሁ ብያት ነበር። ያ ክረምት ዘንቦ አባራ፣ ሌላው ተከተለ፣ ጢሜ ላይ ሽበት ጣል ጣል አለበት፣ እኔ ዛሬም እዚህ የይፋት ቆላ ውስጥ ነኝ። ሰው «ሷሊሕ አረቡ» ይለኛል። ዘቢድ ብላቸው የት እንደሆነ አያውቁም፤ ከባሕሩ ወዲያ፣ የመን፣ ስላቸው «እሂ» ይሉና ይበቃቸዋል። ከመቼ ጀምሮ በአማርኛ እንደማስብ እኔም አላውቅም። ስደነግጥ ብቻ ዐረብኛዬ ይመለሳል። ዛሬ ጠዋት ተመልሶ ነበር።

ሐላዋ ሠሪ ነኝ። አባቴም ሐላዋ ሠሪ ነበር፣ የአባቴም አባት። የኛ ሙያ ስኳርና እሳት ነው፤ ስኳሩ ድስት ውስጥ ቀልጦ ወርቅ እስኪመስል እሳቱን ማሳደግ፣ ወርቁ ሊያር ሲል እሳቱን መሳብ፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው ይል ነበር አባቴ። ሁለቱንም ጣሊያን ወሰደብኝ። መጀመሪያ ስኳሩ ሄደ። መንገዱ ሽቅብ ወደ ደብረ ሲና መሠራት ከጀመረ፣ ጣርማ በር ላይም ተራራውን መብሳት ከያዙ ወዲህ፣ በየሱቁ ያለው ስኳር ለወታደርና ለሠራተኛ ሠፈር ነው ተብሎ በካሚዮን ተጫነ፤ እኔ ቤት የቀረው የጆንያው ሽታ ነው። ከዚያ ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው የስልኩን ሽቦ ቆረጠ። ማን እንደሆነ አላወቁም። ሽቦው በማግስቱ ተቀጠለ፣ ቅጣቱ ግን እንዳለ ቀረ፤ ቆራጩ እስኪገኝ ድረስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባለ ቤት ሁሉ እሳት እንዳይነድ፣ ጭስ ለሽፍታ ምልክት ነው፣ ጭስ የታየበት ቤት ይቃጠላል፣ ተብሎ ተለፈፈ። እሳት ያነደደ ሰው ቤቱ በእሳት ይጋያል ማለት ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ይስቅበት ነበር። ሕዝቡ በሶ እየበጠበጠ፣ ሽምብራ በውሃ እየዘፈዘፈ መብላት ያዘ። ቄሶቹም ሌሊት እንዳይሰበሰቡ፣ ደወልም እንዳይደወል ተከለከለ። ገና በዚህ መሃል መጣ።

ገና የኔ በዓል አይደለም። እኔ እስላም ነኝ፣ ሶላቴን አላጓድልም። ግን እዚህ አገር ጎረቤት በበዓሉ ቀን ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ሥጋ ደግሞ አንለዋወጥም፣ ክርስቲያን ያረደውን እኔ አልበላም፣ እስላም ያረደውን እትዬ እቴነሽ አይበሉም። ጣፋጭ ግን ሃይማኖት የለውም። ስለዚህ በየገናው ሐላዋ ይዤ ድልድዩን እሻገራለሁ፣ በየዒዱ እሳቸው ማር ይልኩልኛል። ይህ የተጀመረው እኔ በመጣሁ ዓመት ነው። ንዳድ ይዞኝ መንገድ ዳር ወድቄ ሳለሁ ባላቸው ጋሼ ገብረሚካኤል ከገበያ ሲመለሱ አዩኝ፤ አህያቸው ላይ የጫኑትን ማሽላ አራግፈው እኔን ጫኑኝ። ማሽላውን ማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቤት ሲያደርሱኝ እትዬ እቴነሽ «የእስላም ልጅ ነው፣ የኛ ዕቃ ይከብደዋል» ብለው ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ የሸክላ ዋንጫ አስገዙና በእሱ ወተት ያጠጡኝ ጀመር። ትኩሳቱ ሲያቃዠኝ «ኡሚ፣ ኡሚ» እላለሁ፤ እሳቸው ቃሉን አያውቁትም፣ ግን «እህ ልጄ» ይላሉ። አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ ከባሕሩ ወዲያ ሆና እኔ ሌላ ሴት «ኡሚ»፣ እናቴ፣ ብዬ ስጠራ ብትሰማ ምን ትል ነበር? አንዳንዴ ይህ ሐሳብ ጎኔን ይወጋኛል። አንዳንዴ ደግሞ እሷ ራሷ የላከችልኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ጠመንጃ አስረክቡ ሲባል ጋሼ ገብረሚካኤል ጠመንጃቸውን ይዘው ጫካ ገቡ፤ በማግስቱ ወታደር መጥቶ ቤታቸውን በረበረ። ገበያ ላይ ሰው ማንሾካሾክ ያዘ። «ማን ነገረባቸው? አረቡ ነዋ፣ ሌላ ማን አለ። ጣሊያን እንደሆነ እስላሙን ያቀርባል።» አልተናገርኩም። ወላሂ አልተናገርኩም። እንዲያውም አስተርጓሚ ሁን ብለው ጠርተውኝ ቋንቋችሁን አላውቅም ብዬ ተመልሻለሁ። ግን ለማን ይነገራል? የጠየቀኝ የለም። ካልጠየቁህ መልስህን ይዘህ ትኖራለህ። እኔ ይህን ሳብሰለስል እትዬ እቴነሽ በራቸውን ዘጉብኝ። ዒድ ደረሰ፣ ማር አልመጣም። ሄጄ ደጃቸው ቆምኩ፣ «እትዬ፣ ሷሊሕ ነኝ» አልኩ፤ ውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል፣ አይከፍቱም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ያልፋሉ። ሰው አገር ብቻህን ስትሆን አንድ በር ይበቃሃል፤ ያ በር ሲዘጋ ግን አገሩ ሁሉ ነው የሚዘጋው። በአውሳ በኩል ወደ ባሕር የሚወርድ የግመል ነጋዴ አለ። ከገና በኋላ ስትሄድ ቦታ ያዝልኝ አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር፣ ሐላዋ ይዤ ልሂድ፣ ከከፈቱ ከፈቱ፣ ካልከፈቱ ወደ እናቴ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ታዲያ በምን ልሥራው? ተምር አለኝ። በሶ አለኝ፣ እሳቱ ሳይከለከል የተቆላ። ሰሊጥማ የዚሁ ቆላ ሰሊጥ ነው። ግን ተምርና በሶ የመንገደኛ ስንቅ እንጂ የበዓል ምግብ አይደለም፤ ብትበላው ትጠግባለህ፣ ደስ አይልህም። ትናንት ይህን እያሰብኩ ሙሀባ ዘንድ ሄድኩ። ሙሀባ አርጎባ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርትና ናና ታበቅላለች፤ በደጉ ጊዜ ለሻይ የሚሆን ናና ከእሷ ነበር የምገዛው።

«አንተ ሰው፣ ሻይ በምን ልታፈላ ነው? ቤትህን ልታስቃጥል ነው?» አለችኝ።

«ለሻይ አይደለም። ለሐላዋ ነው።»

«ያለ እሳት?»

«ያለ እሳት።»

«ስኳርስ ከየት አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«እንግዲያው ሐላዋ አትበለው» ብላ ሳቀች። ጎንበስ ብላ ናናውን በማጭዷ እያጨደች «ለማን ነው?» አለች።

«ለእትዬ እቴነሽ። ገና አይደል ነገ።»

ሳቋ ቆመ። ቀና ብላ ወደ ድልድዩ አየች። «ያ ቤት ይጠበቃል፣ ሷሊሕ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክማ ምን እላለሁ» አለችና አንድ ክንድ ሙሉ ናና አሸከመችኝ፤ ዋጋ ስጠይቃት ፊቷን አዞረችብኝ።

የመጀመሪያው ተበላሸ። ናናውን በቢላዋ ከትፌ ተምሩ ውስጥ ብጨምረው ወዲያው ጠቆረ፣ ስቀምሰው በግ የምሆን መሰለኝ። አባቴ ቢያየኝ ጥምጣሙን አውልቆ ይመታኝ ነበር። ተቀምጬ አሰብኩ። እሳት የቅጠሉን ሽታ ያወጣል፤ እሳት ከሌለ ምን ያወጣዋል? ጨው። ቅጠሉን በቁንጣሪ ጨው አሸሁት፣ ላብ እንደያዘው ሰው ራሰ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ጨመቅኩት፣ አረንጓዴ ውሃ ወረደ። ፍሬው የወጣለትን ተምር በዚያ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ሰሊጡን ሙቀጫ ውስጥ ዘይቱ እስኪወጣ ወቀጥኩት፣ ተምሩን ጨምሬ ወቀጥኩ፣ በሶውን ጥቂት በጥቂት ነሰነስኩበት፤ ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ልኩን የሚያውቀው መዳፍ ነው። ሰፌድ ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፌ ደለደልኩት፣ ሌላ ቅጠል አለበስኩት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንኩበት። አባቴ ሐላዋውን የሚቆርጠው በሰያፍ ነበር፣ ዓይን እንዲመስል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ድንጋዩን አነሳሁ፣ እኔም በሰያፍ ቆረጥኩት፣ ጫፉን ቀመስኩት። መጀመሪያ ተምሩ መጣ፣ ቀጥሎ ሰሊጡ፤ አልቋል ስል ናናው ተነሳና ከጣርማ በር የሚወርደው ነፋስ አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። ስኳር አልናፈቀኝም። እንዲህ ያለ ነገር አስባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ እኔ፣ የሐላዋ ሠሪ ልጅ።

ሰፌዱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ድልድዩ ጋ ስደርስ የጣሊያኖቹ ሃምሳ አለቃ፣ ሰርጀንቴው፣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስጠርጋል። ፊቱ በፀሐይ የተላጠ አጭር ሰው ነው። ከጎኑ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ የሐበሻ ወታደር፣ ቆሟል፤ የሐማሴን ሰው ነው፣ ረጅም፣ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። «ምን ይዘሃል?» ይለኛል። የገና ሐላዋ አልኩት። ሲነግረው ሰርጀንቴው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቋርጦ አየኝ።

«ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው ይላል» አለኝ አስካሪው። «ሠፈር ውስጥ በልተን ጠጥተን ጨርሰናል ይላል።»

«ያለፈው የእነሱ ነው። የዚህ አገር ሰው ገናው ዛሬ ነው።»

«አንተ ክርስቲያን ነህ ወይ ይልሃል።»

«እስላም ነኝ።»

«እስላም በገና ምን አገባው ይላል።»

«ለጎረቤት ነው። ለእትዬ እቴነሽ።»

ስሙን ስጠራ አስካሪው ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ፣ ለመተርጎምም ዘገየ። ልዋሽ እችል ነበር? ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ቤቶች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉንም ያውቋቸዋል። ሰርጀንቴው ስሙን ከአስካሪው ሳይሆን በቀጥታ ከኔ አፍ ሰምቶታል። ተነሣ። ጨርቁን ገለጠ፣ አንድ ቁራጭ አንሥቶ አሸተተ፣ ለሁለት ሰበረው፣ ውስጡን አየ። ምን ምን አለበት አለ፤ በሶ፣ ተምር፣ ሰሊጥ፣ ናና አልኩት። ስኳር የለበትም? የለበትም። እሳት አልነካውም? አልነካውም። ያንን ስመልስ፣ ያ ረቢ፣ ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር። ያለ ስኳርና ያለ እሳት ሐላዋ የሠራ ሰው ከዘቢድ እስከ ሮቢት የለምና። ሰርጀንቴው ቁራጩን ወደ ሰፌዱ ወርውሮ ብዙ ተናገረ። አስካሪው እየተቸገረ ነገረኝ፤ «እሳት የማይፈልግ፣ ቶሎ የማይበላሽ፣ ጥቂቱ የሚያጠግብ ምግብ የሚበላ ማን ነው? ጭሱ እንዲታይ የማይፈልግ ሰው ነው። ይህ የበዓል ምግብ አይደለም፣ የሽፍታ ስንቅ ነው። የምትወስደውም የሽፍታ ሚስት ቤት ነው። ይላል።»

ያን ጊዜ ነው ዐረብኛዬ የመጣው። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰፌዱ ግን ከእጄ አልወደቀም። የዱቄት ነጋዴውን አሰብኩ፣ ባለፈው ወር ከዚሁ ድልድይ ወስደውት አልተመለሰም። የምናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ እውነቱ ሁሉ ግን ውሸት ይመስላል፤ ያለፈ ገና፣ ገና የሚያከብር እስላም፣ ስኳር የሌለው ሐላዋ። እኔ ራሴ ሰርጀንቴውን ብሆን አላምነኝም። ከዚያ አማርኛዬ ተመለሰና ጮህኩ፤ «እሳቱን የከለከላችሁ እናንተ! ስኳሩን የጫናችሁ እናንተ! እኔ በምን ልሥራው?» አስካሪው ባጭሩ ተረጎመው። ያልኩትን እንዳለ ቢነግረው ኖሮ ሰርጀንቴው እንዲያ ቆሞ አይሰማም ነበር። የአስካሪውን አንገት አየሁት፤ ማተብ አለበት።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «አንተ ክርስቲያን ነህ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ። ንገረው።»

ወደ ወንዙ አየ። ደወል አልተደወለም፣ ማሕሌት አልተቆመም፣ ከአንድ ቤት ጭስ አልወጣም፤ ገና ነው የሚል ምንም ነገር በአገሩ የለም፣ ከእሱና ከኔ በቀር። ዝም ካለ ማንም አይወቅሰውም። ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ መናገር ጀመረ፣ ረጋ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ፤ ሲጨርስ ማተቡን በጣቱ ሳብ አድርጎ አሳየው። ሰርጀንቴው እሱንም እንደኔ በጥርጣሬ ተመለከተው። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ የሚል አስተያየት ነው። ምራቁን ተፋና ስልኩ ወዳለበት ጎጆ ገባ።

እጀታውን ሲያሽከረክር፣ «ፕሮንቶ! ፕሮንቶ!» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። የሚደውለው ደብረ ሲና ነው። ዛሬ ገና ነው ወይስ አይደለም ብሎ ሊጠይቅ። የአንድ ሰው ነፍስ በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥላ አታውቅ ይሆናል። ያ ሽቦ ቆራጭ ደግሞ ትናንት መጥቶ ቢሆን ኖሮስ? ሽቦው ከእንጨት ወደ እንጨት እየዘለለ ሽቅብ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት፣ ዳገቱ ጋ ጠፋብኝ። ከዚያ በኩል ቆይ ተባለ፤ ሰው ጠይቀን እንደውላለን አሉ። ቆምኩ። ፀሐይዋ ጠነከረች፣ ጨርቁ ላይ ዝንብ ሰፈረ፣ እኔ እናቴን አየሁ። ያ የስልክ ሳጥን ዘቢድ ቢደርስ፣ እጀታውን አንድ ጊዜ ብቻ አሽከርክር ቢሉኝ፣ «ኡሚ» ካልኩ በኋላ ምን እላት ነበር? እመጣለሁ? ስንት ጊዜ በነጋዴ አፍ ልኬባታለሁ ይህን ቃል። ድምፄን ታውቀው ይሆን? ደህና ነኝ እላታለሁ፤ ሁለት ወታደሮች መካከል ቆሜ ደህና ነኝ። ይህን ብቻ ነው የምላት፣ እሷም ታምነኛለች፣ ማመኗን ነው መሸከም የማልችለው።

ስልኩ ጮኸ። ሰርጀንቴው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሰማል። «ሲ። ሲ።» ይላል። ጆሮው እየቀላ ሄደ። አስካሪው ወደኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «አለቃው ነው። ‹አዎ፣ የእነሱ ገና ዛሬ ነው፤ ለዚህ ነው ማለዳ የምትቀሰቅሰኝ?› እያለ ይሰድበዋል» አለኝ። ሰርጀንቴው ወጣ፣ እኛን ላለማየት የሰበረውን ቁራጭ አነሣና አፉ ውስጥ ጨመረው። አኘከ። ቆም አለ። «ሜንታ» አለ፤ ናናውን ማለቱ ነው። ደግሞ አኘከና ሌላ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩት አስካሪውን።

«ስኳር ያንሰዋል ይላል።»

ይታያችሁ! ከሞት አፍ ወጥቼ ገና እስትንፋሴ ሳይመለስ ተናደድኩ። መልስ ልሰጠው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር፤ እናቴ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ሂድ በሚል እጁን አወናጨፈ። ከማለፌ በፊት ሰፌዱን ለአስካሪው ዘረጋሁለት። አንድ ቁራጭ አነሣ፣ አማተበ፣ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ» አለኝና እስላም መሆኔ ትዝ ሲለው ደንገጥ አለ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩት። እሱም ከቤቱ ርቋል፤ ከቤቱ በራቀ ሰው ፊት ማን እስላም ማን ክርስቲያን እንደሆነ ይረሳል። ስሙን ሳልጠይቀው ተሻገርኩ።

ደጃቸው ቆምኩ። አጥሩ ዘምሟል፣ የሚያቃናው የለም። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ሷሊሕ ነኝ፣ እትዬ። እንኳን አደረስዎት።»

«ሂድ» አሉኝ።

«ሐላዋ ይዤ ነው።»

«ደጁ ላይ አስቀምጥና ሂድ ብያለሁ።»

ድምፃቸውን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው፤ ሂድ እንኳ ቢሉኝ ድምፃቸው ነው። ሰፌዱን ደፉ ላይ አስቀመጥኩ። ለመሄድ ዞርኩ፣ እግሬ እንቢ አለ። ድልድዩ ላይ የጮህኩት ጩኸት ገና ሆዴ ውስጥ አለና ለተዘጋው በር ተናገርኩ፤ «እትዬ፣ እኔ አልተናገርኩም። ጋሼ የሄዱ ጊዜ ለማንም ምንም አልተናገርኩም። በእናቴ እምልልዎታለሁ።»

መወርወሪያው ተነሣ። እትዬ እቴነሽ ቆመዋል፣ ከስተዋል፣ ግን የታጠበ ቀሚስ ለብሰው ጸጉራቸውን ተሠርተዋል፤ ማንም ለማይመጣበት በዓል። «ምኑን ነው ያልተናገርከው?» አሉኝ። ሰው የሚለውን ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«አንተ ሞኝ! ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ ነው የዘጋችብኝ ስትል ኖረሃል?»

«ታዲያ በምን ነው?»

«እዚህ ቤት የገባውን ሁሉ ይቆጥራሉ። ዱቄት ያመጣልኝን ሰው በሉት። አንተንም ይብሉህ? የዚህ አገር ሰው ቢወስዱት ዘመድ አለው፣ ይጮህለታል። ለአንተ ማን አለልህ? ብትሞት የማለቅስልህ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ዘጋሁ። ሆዴ እያረረ ዘጋሁ፣ አንተ እዚያ ቆመህ ‹ሷሊሕ ነኝ› ስትል አፌን በነጠላዬ ይዤ።» ክንዴን ያዙኝ። «ካዩህማ በቃ፣ ግባ። ከድልድዩ እንዳለፍክ አይተውሃል፣ አንዴ ሆኗል።»

ገባሁ። ምን እንዳልኩ፣ አልቅሼ እንደሆነ፣ አላስታውስም። ደረቴ ላይ የተቀመጠ የወፍጮ መጅ የተነሣ ያህል ነው የተሰማኝ፤ አሁንም እየተነሣ ነው፣ እዚህ አልጋ ላይ። ምድጃቸው ቀዝቅዟል። ጾሙን የሚፈቱበት ምንም ነገር የለም፤ ዶሮዋ በሕይወት እቤት ውስጥ ትዞራለች፣ እሳት ከሌለ ማን ያርዳታል። ሐላዋውን ገለጥኩላቸው። አማተቡ፣ ቆረስ አድርገው ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አኘኩ። ድንገት ጉንጫቸውን ያዙ።

«ምንድነው የሚቀዘቅዘኝ?»

«ናና ነው፣ እትዬ።»

ሳቁ። ጋሼ ከሄዱ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። «በዚህ ሐሩር አፌ ውስጥ ውርጭ አወረድክብኝ» አሉ።

«ስኳር አያንሰውም?»

«ስኳር ደግሞ ምን ይሠራለታል?»

ይህን ነው ሰርጀንቴው መስማት የነበረበት። ሌላም በሉ፣ እኔንም አጎረሱኝ፣ በልጅነቴ እናቴ እንደምታደርገው ጣታቸው አፌ ድረስ ገብቶ። ከዚያ የቀረውን በዓይናቸው ቆጠሩ።

«ስንት ቀን ይቆያል?» አሉኝ።

«ከፀሐይ ከራቀ ወር ቢቆይ አይበላሽም።»

«እሳትም አይፈልግም?»

«አይፈልግም።»

ተነሡ፣ ንጹሕ ጨርቅ አመጡ፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ደረደሩ፣ አጥብቀው ቋጠሩና ከጎታው ኋላ አስቀመጡት። እኔ አያቸዋለሁ። እሳቸው እንደማያቸው ያውቃሉ። መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን አፌ ቀደመኝ፤ «ጋሼ ደህና ናቸው?»

ጎታውን እየዳበሱ፣ ዞር ሳይሉ፣ «‹አረቡን እንኳን አደረሰህ በይልኝ› ብሎሃል» አሉኝ።

በሕይወት አሉ! አህያቸው ላይ የጫኑኝ ሰው በሕይወት አሉ፣ የኔንም ስም ይጠራሉ። ለካ ድልድዩ ላይ የተናገርኩት እውነት፣ ሐላዋው እትዬ እጅ ሲገባ ሰርጀንቴው እንዳለው የሽፍታ ስንቅ ሆነ። መፍራት ነበረብኝ። ሳቄ መጣ፤ አፌን ይዤ ሳቅኩ፣ እትዬ እቴነሽም ምን እንዳሳቀኝ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ። ስወጣ በወንዙ በኩል ሂድ አሉኝ። እንቢ አልኩ፤ በመጣሁበት፣ በድልድዩ፣ ባዶ ሰፌዴን ይዤ ነው የምመለሰው አልኳቸው፣ የተደበቀ ሰው ነው የሚፈለገው። ደፉ ላይ ቆመው፣ «ለጥምቀት ትሠራልኛለህ?» አሉኝ። «በርከት አድርገህ።» እሠራለሁ አልኩ። ድልድዩ ላይ ያስቆመኝ የለም።

የግመል ነጋዴውን ዛሬ ማታ አግኝቼ ቦታዬን ለሌላ ስጠው እለዋለሁ። ለእናቴ አንድ ነጭ ሻሽ ይወስድልኛል፤ ደህና ነው፣ ቤት አለው፣ በልልኝ እለዋለሁ፤ እመጣለሁ ብሏል እንዲል ግን አላደርግም፣ ይህን ቃል ደጋግሜ አደከምኩት። ታዝናለች። እኔም አዝናለሁ፣ ግን እንደ ወትሮው አይደለም። ዓይኔ እየከበደ ነው። ውጭ አንድ አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ይጮሃል። ሲበርድ ተነሥቼ ወንዝ እወርዳለሁ፣ ሙሀባን ናና ስጪኝ እላታለሁ፣ ሁለት ሸክም፣ ሦስት ሸክም፣ ያለሽን ሁሉ። ይህ ሁሉ ናና ለምንድነው ብላ ወገቧን ይዛ ትቆማለች፣ አውቃታለሁ። ለጥምቀት ነው እላታለሁ። ውሸትም አይደለም።